ውሃውን ማገድ ወይስ ማሳለፍ፦ በግንፍሌ ተዳፋት ላይ የሚገኝ የኪራይ ምድር ቤት የጉዳይ ጥናት

ቤቱና አቀማመጡ

የዚህ ጥናት ርእሰ ጉዳይ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ የተሠራ አንድ ቤት ምድር ቤት ነው። ቤቱ ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በጥቁር ድንጋይ ግንብ የተሠራ ሲሆን፣ ፎቁ ላይ አከራይዋ ራሳቸው ይኖራሉ፤ ከእሳቸው ሥር አንድ ተከራይ ቤተሰብ አለ፤ ምድር ቤቱን ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ ለሥራ ቦታነትና ለጨርቅ ማከማቻነት ተከራይቶታል። ምድር ቤቱ 11 ሜትር በ8 ሜትር ነው። መሬቱ ወደ ምሥራቅ ስለሚያዘቀዝቅ በምዕራብ በኩል ያለው የጀርባ ግድግዳ 2.4 ሜትር ያህል አፈር ውስጥ የተቀበረ ሲሆን፣ የምሥራቁ ፊት ግን በርና መስኮት ኖሮት በቀጥታ ወደ ታችኛው መንገድ ይከፈታል። ጀርባው የተቀበረና ፊቱ የተከፈተ መሆኑ በኋላ ለተገኘው መፍትሔ ወሳኝ ስለሆነ አንባቢው ከወዲሁ ልብ እንዲለው ያስፈልጋል።

ወለሉ በድንጋይ ንጣፍ ላይ የፈሰሰ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ኮንክሪት ነው። ከሥሩ የእርጥበት መከላከያ ፕላስቲክም ሆነ ከግድግዳው ጀርባ የውሃ ማሳለፊያ ቦይ አልነበረውም። በዚያ ዘመን ምድር ቤት የሚሠራው ለዕቃና ለማገዶ ማስቀመጫ ስለነበር ክረምት ላይ ትንሽ ቢረጥብ ማንም ቅር አይለውም። ቅሬታው የመጣው ቤቱ ለሥራ ሲከራይና ግድግዳው ሥር የጨርቅ ጥቅል ሲደረደር ነው።

ቀድሞ የተደረጉት ጥገናዎች

ውሃው በግልጽ መታየት የጀመረው በ2014 ክረምት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የጀርባው ግድግዳ ከታች ወደ ላይ እስከ ጉልበት ድረስ ወዛ፤ ልስኑ ላይም ነጭ ጨው መሰል ዱቄት ወጣ። አከራይዋ ግንበኛ አስጠርተው የረጠበውን ልስን አስፈልፍለው፣ ውሃ መከላከያ በተቀላቀለበት ሲሚንቶ አስለሰኑት፤ ከላዩም ሬንጅ አስቀቡት። በ2015 ክረምት ግድግዳው ደረቀ፤ ውሃው ግን ግድግዳውና ወለሉ ከሚገጣጠሙበት ጥግ መፍሰስ ጀመረ። ከዚያ ክረምት በኋላ በመጣው በጋ ጥጉ በሲሚንቶ ተደፍኖ ወለሉ በሙሉ ሴራሚክ ተነጠፈበት። አከራይዋ ይህን ሁሉ ያወጡት ከራሳቸው ኪስ ነው፤ ተከራያቸውን አልጠየቁም።

በ2016 ሐምሌ ወር አጋማሽ ላይ ልብስ ሰፊው ወደ ፎቅ ወጥቶ «እትዬ፣ ሴራሚኩ ሲረገጥ ድምፁ ተለውጧል፤ ሥሩ ባዶ ይመስላል። ወርደው ቢያዩት ይሻላል» አላቸው። በሳምንቱ በክፍሉ መካከል ሴራሚኩ ጣሪያ ሠርቶ ተነሣ፤ ከመገጣጠሚያዎቹም ንጹሕ ውሃ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። የተበላሸው ሴራሚክ ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ራሱ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ተሰንጥቆ ነበር። ጸሐፊው በመሐንዲስነት የተጠራው በዚህ ጊዜ ነው።

መቅደም የነበረበት ነገር

ወደ ምርመራው ከመገባቱ በፊት አንድ አስቸኳይ ጉዳይ ነበር። የስፌት መኪናዎቹና ካውያዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ወለሉ ላይ ከተጋደሙ ዲቫይደሮች ነበር፤ የግድግዳው ሶኬቶችም ከወለሉ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ ከፍታ ላይ ነበሩ። ረዳቶቹ ነጠላ ጫማ አድርገው እርጥብ ወለል ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ የምድር ቤቱ መሥመር በዚያው ዕለት ተቋረጠ፤ ሶኬቶቹ ወደ 1.2 ሜትር ከፍታ እንዲወጡ፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈተልክ ወዲያውኑ የሚያቋርጥ ብሬከር እንዲገባ፣ ዲቫይደሮቹም ከወለል ላይ እንዲነሡ ተደረገ። ብዙ ሰው ስለ ውሃው ሲጨነቅ ስለ ኤሌክትሪኩ ይረሳል። ውሃ ንብረት ያበላሻል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይገድልም፤ ኤሌክትሪኩ ግን ይገድላል።

ውሃው ከየት ነው?

በአካባቢው ሰው ዘንድ አራት ግምቶች ነበሩ። አንደኛው ከፍ ብሎ ያለው ጎረቤት የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው የሚል ነበር። ሁለተኛው የተሰበረ የቧንቧ መሥመር አለ፣ ሦስተኛው የጣሪያ ውሃ ነው ይላሉ። አራተኛውና ከሁሉ ይበልጥ በልበ ሙሉነት የሚነገረው ግን ፍል ውሃው መንገድ ቀይሮ መጥቷል የሚለው ነበር። የመጨረሻው ግምት ከየት እንደመጣ መረዳት አይከብድም፤ ፍል ውሃ ቅርብ ነው፣ ከተማዋም በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በዚያው ፍል ውሃ ምክንያት ነው። ሆኖም ይህንን ግምት ውድቅ ለማድረግ አንድ ቴርሞ ሜትር በቂ ነበር። ከወለሉ የሚወጣው ውሃ ሙቀት 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ጥልቀት የሌለው የከርሰ ምድር ውሃ በአዲስ አበባ አየር ሊኖረው የሚጠበቅ ሙቀት ነው።

የቧንቧውን ጥርጣሬ ለማጣራት ሁለት መንገድ ተሞክሯል። የግቢው ቧንቧዎች በሙሉ ማታ ተዘግተው ቆጣሪው እስከ ጠዋት ሲታይ አልተንቀሳቀሰም፤ ስለዚህ ከቆጣሪው ወዲህ የሚፈስ ነገር የለም። ከቆጣሪው ወዲያ፣ ማለትም በላይኛው መንገድ በሚያልፈው ዋና መሥመር ላይ ስብራት ቢኖርስ? በዚህ ረገድ የረዳን የአካባቢው ውሃ በፈረቃ የሚመጣ መሆኑ ነው። መሥመሩ የተሰበረ ቢሆን ኖሮ ውሃ በሚለቀቅባቸው ቀናት ስርገቱ ይጨምር፣ በሚጠፋባቸው ቀናት ይቀንስ ነበር። ልብስ ሰፊው የደንበኞቹን ልክ በሚጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ የፈረቃውን ቀናትና በየቀኑ ከወለሉ ጠርጎ የሚያወጣውን ውሃ በባልዲ እየቆጠረ እንዲመዘግብ ተጠየቀ፤ በትጋትም መዘገበ። በሁለቱ መካከል ምንም ዝምድና አልታየም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስለሚጨመርበት የክሎሪን ምርመራም ተደርጎ ክሎሪን አልተገኘም፤ ይሁን እንጂ ክሎሪን በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ስለሚጠፋ አለመገኘቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከኬሚካሉ ይልቅ ደብተሩ የበለጠ ተናግሯል።

የጎረቤቱ ጉድጓድ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልግ ነበር፤ በተሳሳተ ክስ የቆየ ጉርብትና ሊበላሽ ይችላልና። በጎረቤቱ ፈቃድ የምግብ ቀለም በመጸዳጃው ተለቅቆ ለሳምንታት ቢጠበቅም ቀለሙ ምድር ቤቱ ውስጥ አልታየም፤ የሚወጣውም ውሃ ሽታ አልነበረውም። የውሃው ናሙና ላቦራቶሪ ሲገባ ግን ባክቴሪያ ተገኘበት፤ አከራይዋም ይህን ሲሰሙ «ያው ነው፣ አላልኩም?» አሉ። በመሐል አዲስ አበባ ጥልቀት የሌለው የከርሰ ምድር ውሃ በፍሳሽ የተበከለ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ባክቴሪያ መገኘቱ ውሃው እንዳይጠጣ ያስጠነቅቃል እንጂ አንድን የተወሰነ ጉድጓድ ጥፋተኛ አያደርግም።

የቀረው የጣሪያው ውሃና ራሱ የከርሰ ምድር ውሃው ነበር፤ እዚህ ላይ ነው ምርመራው ፍሬ ያፈራው። ከጀርባው ግድግዳ 1 ሜትር ርቆ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ጠባብ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ጎኑ የተበሳሳ የፒቪሲ ቧንቧ ገባበት፤ ዙሪያው በጠጠር፣ አፉ ደግሞ የጣሪያ ውሃ እንዳይገባበት በሸክላ አፈር ተጠቀጠቀ። በሚቆፈርበት ጊዜ የላይኛው 1.6 ሜትር ቡናማ ቀይ ሸክላማ አፈር ሲሆን፣ ከሥሩ የተሰባበረና የተበላ ድንጋይ ተገኘ፤ ውሃው የወጣው ልክ ሁለቱ ከሚገናኙበት ቦታ ነው። የውሃው ከፍታ ጫፉ ላይ ክብደት በታሰረበት ሜትር በየሳምንቱ ይለካ ነበር።

ከመለኪያውና ከደብተሩ የተገኘው ውጤት ምድር ቤቱ ሁለት የተለያዩ ውሃዎች እንደሚገቡበት አሳየ። ፈጣኑ ውሃ ዝናብ በጣለ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሰሜን ምዕራቡ ጥግ ብቻ ይታይና በማግስቱ ይጠፋል። ከዚያ ጥግ በላይ ያለው አሸንዳ መውረጃ ቧንቧው ወልቆ የጣሪያውን ግማሽ ውሃ ግድግዳው ሥር ያፈስ ስለነበር ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ በነሐሴ መጀመሪያ ላይ መውረጃው ተተክቶ ውሃው ወደ መንገድ ሲወሰድ ፈጣኑ ውሃ ሙሉ በሙሉ ቆመ። ዘገምተኛው ውሃ ግን ከአንድ ዝናብ ጋር አይገናኝም። እየጨመረ ሄዶ በነሐሴ መጨረሻ ከምድር ቤቱ ወለል 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ፤ ለመስቀል ሰማዩ ጠርቶ እያለም ከወለሉ በላይ ነበር፤ ከወለሉ በታች የወረደው ጥቅምት ከገባ በኋላ ነው። በጥር ወር ከወለሉ በእጅጉ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር በሚዘንብባት፣ የዝናቧም አብዛኛው በክረምቱ ወራት በሚወርድባት ከተማ፣ ከላይ ከተዳፋቱ የሚሰርገው ውሃ ሸክላማውን አፈርና ድንጋዩን በሚለየው መስመር እየተንሸራተተ ወደ ወንዙ ሲወርድ ይህ ቤት መንገዱ ላይ ቆሞ ያገኘዋል።

አሸንዳውን ብቻ ጠግኖ «አለቀ» ማለት እንዴት ቀላል እንደነበር እዚህ ላይ መጥቀስ ተገቢ ነው። ጥገናው በነሐሴ ሳይሆን በኅዳር ቢደረግ ኖሮ፣ ውሃው በበጋ በራሱ ስለሚደርቅ ሁሉም ሰው መፍትሔው አሸንዳው ነበር ብሎ ያምን ነበር። በአዲስ አበባ በበጋ የሚደረግ የምድር ቤት ጥገና በሙሉ እስከ ቀጣዩ ሐምሌ ድረስ የተሳካ ይመስላል።

ሴራሚኩ ለምን ተነሣ?

ቀድሞ የተደረጉት ጥገናዎች ለምን ነገሩን እንዳባባሱት ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይበቃል። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የ1,000 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ግፊት ያደርጋል። ስለዚህ ከወለሉ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ውሃ በጀርባው ግድግዳ አጠገብ ወለሉን በካሬ ሜትር እስከ 700 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል ከሥር ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ኮንክሪት በሜትር ኪዩብ 2,400 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን የ10 ሴንቲ ሜትሩ ወለል ክብደት በካሬ ሜትር 240 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ሴራሚኩና ማጣበቂያው ቢጨመሩም ከ340 ኪሎ ግራም ብዙም አያልፍም። ውሃው ከወለሉ ላይ አንድ ሦስተኛ ሜትር ያህል ከፍ ሲል ሚዛኑ ይገለበጣል።

ታዲያ ከ2016 ክረምት በፊት ወለሉ ለምን አልተነሣም? ስለሚያፈስ ነው። ውሃው በጥጉ በኩል ሲወጣ ግፊቱን ይዞ ይወጣ ነበር። ሬንጁ የግድግዳውን፣ የጥጉ ድፈናና ሴራሚኩ ደግሞ የወለሉን ቀዳዳ ሲዘጉ፣ ውሃው ሳይቀንስ መውጫው ብቻ ጠፋ። ክዳኑ የታሰረበት ድስት እንደሚሆነው ሆነ፤ ደካማው ቦታ እስኪገኝ ድረስ ግፊቱ ጨመረ፣ ደካማው ቦታም የክፍሉ መካከል ሆኖ ተገኘ። ከውስጥ በኩል የሚቀባ ወይም የሚለሰን ውሃ መከላከያ በሙሉ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም፤ ግፊቱን የሚሸከም በብረት የተጠናከረ ወለልና ግድግዳ ባለበት ቤት ይሠራል። ብረት በሌለው 10 ሴንቲ ሜትር ወለል ላይ ግን ገንዘብ ከመብላት አልፎ ቤቱን ይጎዳል።

የቀረቡት አማራጮችና የተመረጠው

የመጀመሪያው አማራጭ ከውጭ በኩል የጀርባውን ግድግዳ እስከ መሠረቱ ድረስ ቆፍሮ ውሃ መከላከያ መለጠፍና ከሥሩ የጠጠር ቦይ መሥራት ነበር። በመርህ ደረጃ ከሁሉም የተሻለው ይኸው ነው፤ ውሃው ግድግዳውን ሳይነካ ይያዛልና። ነገር ግን በቤቱና በጎረቤቱ ደጋፊ ግንብ መካከል ያለው ክፍተት 1.2 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የሚቆፈረው ጥልቀት ደግሞ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። በዚያ ጠባብ ቦታ ያለ ድጋፍ መቆፈር ሠራተኛን ለአፈር መናድ ማጋለጥ ነው፤ የጎረቤቱንም ግንብ እግር ያራቁታል። ድጋፍ እየተደረገ በአጭር በአጭሩ ከፋፍሎ መቆፈር ይቻል ነበር፤ ወጪውና ለጎረቤቱ የሚያስከትለው ሥጋት ግን ከሚያስገኘው ጥቅም የሚበልጥ ሆኖ ታየን።

ሁለተኛው ጉድጓድ ቆፍሮ በዲናሞ መሳብ ነው። ብዙ ቤቶች ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ቧንቧ ሠራተኞችም መጀመሪያ የሚያቀርቡት እሱን ነው። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ መብራት በብዛት የሚጠፋው ከባድ ዝናብ ሲጥል ነው፤ ዲናሞው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይቆማል ማለት ነው። ሁለተኛው ይበልጥ አሳሳቢ ነው፤ ማጣሪያ በሌለው ጉድጓድ ውሃ በኃይል ሲሳብ ደቃቁን አፈር ይዞ ስለሚወጣ ከመሠረቱ ሥር ባዶ ቦታ ይፈጠራል። የሚሳበው ውሃ ደፍርሶ መውጣት ከቀጠለ ዲናሞውን ማቆም ያስፈልጋል።

የተመረጠው ሦስተኛው ነው፦ ውሃውን ከማገድ ይልቅ ከወለሉ ሥር ሰብስቦ፣ ያለ ሞተር፣ በራሱ ቁልቁለት ወደ ታችኛው መንገድ የጎርፍ ቦይ ማውጣት። ይህ የሚቻለው የቤቱ ፊት ክፍት ስለሆነ ነው። በውሃ ልክ ሲለካ የመንገዱ ቦይ ወለል ከምድር ቤቱ ወለል 70 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። የማሳለፊያው ቧንቧ በጀርባው ግድግዳ መካከል ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢጀምር፣ ከሁለቱም ጎን ዞሮ በፊት በር ሥር አልፎ ቦዩ እስኪደርስ 22 ሜትር ይጓዛል፤ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ቢደረግ መውጫው ላይ 52 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከቦዩ ወለልም 18 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ትርፉ ብዙ አይደለም፤ ግን ይበቃል።

ሥራው

ሥራው የእድሳት ፈቃድ ተወስዶ ውሃው ዝቅ ባለበት በጥርና በየካቲት 2017 ተሠራ። በመጀመሪያ በሁለት ቦታ ወለሉ ተከፍቶ የመሠረቱ ግንብ ከወለሉ 80 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንደሚል ተረጋገጠ፤ ይህ ሳይታወቅ ግድግዳ ሥር መቆፈር አይገባም። ሴራሚኩና የተሰነጠቀው ኮንክሪት ከተነሣ በኋላ፣ በሦስቱ ግድግዳዎች ሥር 35 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፈረ። በቦዩ ውስጥ ጂኦቴክስታይል የተባለው ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ ተነጠፈ፤ በላዩ ታጥቦ የጠራ 02 የሚባለው የግንባታ ጠጠር፣ በጠጠሩ መካከል 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ ገባ፤ ከዚያም ጨርቁ እንደ መጠቅለያ ታጥፎ ተዘጋ። የቧንቧው ቀዳዳዎች ወደ ታች እንዲዞሩ ተደረገ። ግንበኛው መጀመሪያ ወደ ላይ አዙሮ ዘርግቶት ነበር፤ ውሃ ከላይ ይገባል ብሎ ያስባልና። ውሃው ግን ከሥር እየሞላ ስለሚመጣ፣ ቀዳዳው ወደ ታች ሲሆን ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ እያለ ይያዛል፤ ደቃቅ አፈርም ወደ ቧንቧው የሚወድቅበት መንገድ አይኖርም።

በጀርባው ግድግዳ ግርጌ በየሜትሩ ቀዳዳ ተበስቶ ከግንቡ ጀርባ ያለው ውሃ ወደ ጠጠሩ እንዲገባ ተደረገ። ሬንጁና የሲሚንቶ ልስኑ ተፈልፍሎ ግድግዳው በኖራ ተለሰነ፤ የድንጋይ ግንብ የያዘውን እርጥበት በሚተነፍስ ልስን በኩል ካላወጣ በስተቀር አይደርቅምና። የወለሉ ድንጋይ ንጣፍ እንደገና ተደርድሮ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ጠጠርና የፕላስቲክ ሉህ ከተነጠፈ በኋላ በሽቦ መረብ የተጠናከረ ኮንክሪት ፈሰሰ። ከወለሉ ሥር ያለው ጠጠር ከዙሪያው ቦይ ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ ግፊት ሊፈጠር የሚችልበት ሁኔታ የለም። በአራቱ ጥጎች ክዳን ያላቸው መፈተሻ ጉድጓዶች ተተዉ። አከራይዋ ክዳኖቹ ውበት ያበላሻሉ ብለው አልወደዷቸውም፤ ሆኖም መጥረጊያ የሌለው ቧንቧ ሲደፈን ወለሉን እንደገና ማፍረስ ግድ እንደሚሆን ሲረዱ ተስማሙ።

በከባድ ዝናብ ጊዜ የመንገዱ ቦይ ራሱ ሞልቶ ወደ ኋላ ሊመልስ ስለሚችል፣ መውጫው ላይ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ ገባ። ቫልቩ በሚዘጋበት ጊዜ ከጀርባ የሚመጣው ውሃ የት ይሄዳል? 30 ሜትር የሚሆነው የጠጠር ቦይ ከይዘቱ 40 በመቶ ያህሉ ባዶ ክፍተት በመሆኑ፣ ወደ 1,200 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይይዛል፤ ይህም በከፍተኛው ፍሰት ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ያቆያል። የጎርፍ ቦዩ ከዚህ ብዙ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይጎድላል። በፊት ጥግ ባለው መፈተሻ ውስጥ ለክፉ ቀን አንድ ትንሽ ዲናሞ ተቀምጧል። ውሃው ወደ ፍሳሽ መሥመር እንዳይገባ ሆን ተብሎ ተለይቷል፤ የፍሳሽ መሥመር የክረምት ውሃ ሲጨመርበት ሞልቶ ወደ ቤቶች የሚመለስበት አጋጣሚ አለና።

ወጪውና ውሉ

በመጀመሪያው የኪራይ ውል ላይ «ማንኛውም ጥገና በተከራዩ ይሸፈናል» የሚል አንድ መሥመር ነበር። አከራይዋ በዚህ ሐረግ ላይ አልተደገፉም፤ ቢደገፉም ሩቅ የሚያደርሳቸው አይመስለኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ በደነገገው ክፍል በተከራዩ ላይ የሚጥለው እንደ በር፣ መስኮትና የውሃ ቧንቧ ያሉትን የዕለት ተዕለት እድሳቶች ነው፤ ከቤቱ እርጅና ወይም ከአቅም በላይ ከሆነ ምክንያት የሚመጣው ጥገና የአከራዩ ነው። የመሠረት ውሃ ማሳለፊያ ከዕለት እድሳት ሊቆጠር አይችልም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው የሚመለከተው መካከል ያለውን ቤተሰብ እንጂ ልብስ ሰፊውን አይደለም፤ ምድር ቤቱ የንግድ ቦታ ነውና።

ስምምነቱ በሁለቱ ወገን በሚታወቁ አንድ ሽማግሌ ፊት ተደረገ። የማሳለፊያውን ሥራ ወጪ በሙሉ አከራይዋ ቻሉ፤ ሥራው በተሠራባቸው ወራትም ኪራይ አልተቀበሉም። ልብስ ሰፊው ዕቃውን የማጓጓዙን ወጪ ሸፈነ፤ ስለተበላሸው ጨርቅ ካሣ ጠይቆ የነበረ ቢሆንም፣ ውሃው እየታየ ጨርቁን ወለል ላይ ማቆየቱ የራሱ ድርሻ እንደነበር ሽማግሌው ሲነግሩት ጥያቄውን ወደ ግማሽ ዝቅ አደረገ፤ አከራይዋም በኪራይ ቅናሽ መልክ ከፈሉት። በአዲሱ ውል ላይ ሦስት ነገሮች ተጻፉ፦ ተከራዩ ዕቃ ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቆ በመደርደሪያ ላይ እንዲያስቀምጥ፣ እርጥበት ባየ ጊዜ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ አከራይዋ ደግሞ በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ አሸንዳውን፣ መፈተሻዎቹንና ቼክ ቫልቩን እንዲያስጠርጉ።

በ2017 ክረምት የታየው

ማሳለፊያው መፍሰስ የጀመረው በሰኔ መጨረሻ ነው። በነሐሴ አጋማሽ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በአራት ደቂቃ ይሞላ ነበር፤ ይህም በደቂቃ 5 ሊትር፣ በቀን 7,200 ሊትር ነው። ይህ ሁሉ ውሃ ድሮ በወለሉ ሥር ተጨንቆ ይቀመጥ ነበር። ከግድግዳው ጀርባ ባለው መለኪያ የውሃው ከፍታ ከወለሉ በላይ አልወጣም፤ ከፍተኛው ንባብ ከወለሉ 12 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነው። አከራይዋ ይህን ሁሉ ውሃ በከንቱ ማፍሰሱ አልዋጥ ብሏቸው ለልብስ ማጠቢያ ሊያውሉት ፈልገው ነበር፤ በላቦራቶሪው ውጤት ምክንያት ለአትክልትና ለግቢ ማጠቢያ ብቻ እንዲሆን ተስማምተናል።

ሁሉም ነገር ግን አልተስተካከለም። የጀርባው ግድግዳ በመስከረምም ነጭ ጨው ማውጣቱን አላቆመም፤ ልብስ ሰፊውም «እትዬ፣ ያው ተመልሶ መጣ መሰለኝ» ብሎ ደንግጦ ነበር። ይህ የሥራው መክሸፍ ምልክት አይደለም። ወፍራም የድንጋይ ግንብ ለዓመታት የጠጣውን ውሃ ሲያደርቅ ጨውን ይዞ ወደ ፊት ይወጣል፤ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ እንጂ መቀባት አያስፈልገውም፤ እንዲህ ያለ ግንብ ለመድረቅ ከአንድ በጋ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በደቡብ ምዕራቡ ጥግ ደግሞ ከመሠረቱ ድንጋይ ወደ ላይ የሚሳብ እርጥበት እስከ ሁለት ስንዝር ድረስ ይታያል፤ ማሳለፊያው ይህን አያቆመውም፤ ጥጉም ከመደርደሪያ ነጻ እንዲሆን ተደርጓል።

ወደፊት ሊታሰብበት የሚገባው ከላይ በኩል ያለው ቦታ ነው። እዚያ ጥልቅ ምድር ቤት ያለው ሕንፃ ቢሠራ የውሃው መንገድ ሊለወጥ ይችላል፤ አዲሱ ሕንፃ ውሃውን እየሳበ ለዚህኛው ቤት ሊያቀልለት፣ ወይም ግድግዳው ውሃውን ከጎኑ አዙሮ ሊያበዛበት ይችላል። ስለዚህ መለኪያው ቧንቧ አልተነቀለም፤ ክዳን ተደርጎለት ልብስ ሰፊው ኪራይ በሚከፍልበት ቀን እየለካ ንባቡን ከደረሰኙ ጋር ለአከራይዋ ይሰጣል።